ካሬ ካሬ የሆነው ፊት

«ውሸት ከሆነ ይህቺ ዓይኔ ትጥፋ!» አለ የሚጢ አጎት ሪሞቱን እንደ ማይክ ጨብጦ። «ልጁ የሄደው እየሳቀ ነው! ሲንከተከት ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። ‹ጋሼ፣ እንዴት ያለ ሥራ አገኘህልኝ!› ብሎ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ፣ በስንት ጉልበት አላቀቅኩት!»

ጎረቤቶች ሶፋው ላይ ተጠጋግተዋል። እናቷ ጉልበቷን አቅፋ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጣለች። የሚጢ ወንድም የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ በሄደ በሳምንቱ መኪናው ገደል ገባ። ከእሱ የቀረው በመሄጃው ዕለት ሚጢ በስልኳ የቀረጸችው ቪዲዮ ብቻ ነው። እናቷ ደግሞ የስልክ ስክሪን አይታያትም፤ ያላት አሮጌ የዲቪዲ ማጫወቻ ነው።

«ወደ ዲስክ የቀየርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ዓለም ላይ ይህን የሚችል ቢገኝ አንድ ሰው ነው!» አለ አጎቷ።

ሚጢ ከንፈሯን ነከሰች። የአጎቷን ቀደዳ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ድመት ከቧጠጠው ነብር ታገልኩ ይላል። የቪዲዮ ቤቱ በር ላይ «በጥራት ከእኛ ወዲያ ላሳር» ብሎ አስጽፏል። ኮምፒውተሩን የምትነካው ግን እሷ ናት።

ትናንት ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሄዳ ሁለት ፋይል ከፍታለት ነበር፤ በስልክ ሲላላኩት ተጨምቆ ያነሰውንና ከስልኳ ሚሞሪ ያወጣችውን ዋናውን።

«ጋሼ፣ ከተጨመቀው ላይ የጠፋው አይመለስም። ከዋናው ልሥራው። አጭር ስለሆነ የዲስኩን ቦታ ሙሉ ብንለቅለት ጥርት ይላል።»

አጎቷ ዋናውን እስከ መጨረሻው አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከትንሹ ሥሪው።»

«ፊቱ እኮ አይለይም!»

«ከትንሹ አልኩሽ! እናትሽን ልትገድያት ነው?»

ሠራችው። እሱ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ግን ሌላ ባዶ ዲስክ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተች።

አሁን ስክሪኑ ላይ ወንድሟ ከመኪናው መስኮት እጁን ያወዛውዛል። ፊቱ ካሬ ካሬ ሆኖ ተበታትኗል፤ አፉ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ድምፁን ሞተሩ ውጦታል።

«ጥርሱን አያችሁ?» አለ አጎቷ።

«ውይ፣ ያ ሳቁ!» አለች አንዷ ጎረቤት እንባዋን እየጠረገች።

እናቷ ተነስታ ስክሪኑን በእጅጌዋ ወለወለችው። ደግማ ወለወለችው።

«ቆሻሻ ነው እንዴ? ለምን አይጠራም?»

«ማሽኑ አርጅቶ ነው፣ እታለም» አለ አጎቷ።

እናቷ ወደ ሚጢ ዞረች። «አልሄድም ሲለኝ ገፋፍቼ የላክሁት እኔ ነኝ። ሲሄድ ያየሽውና የቀረጽሽው አንቺ ነሽ። እውነት እየሳቀ ነበር?»

ከእናቷ ጀርባ አጎቷ «አዎ በያት» በሚል ራሱን ይነቀንቃል። ከንፈሩ «እባክሽ» ይላል፣ ያለ ድምፅ። ያ ሁሉ ወሬ ከአፉ ጠፍቷል።

ሚጢ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከፈተች። ከሒሳብ መጽሐፏ መሀል ከዋናው የሠራችውን ሁለተኛውን ዲስክ አወጣችና የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫነች። ማጫወቻው መሳቢያውን እንደ ምላስ አወጣ።

«አልሳቀም፣ እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»