ሰርቨሩ ያሳለፋት ሴት

ይሄን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

«ፈጠራ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን እል ነበር። ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ቃል መልሱልኝ። ስድብም ቢሆን ይሁን፣ ብቻ መልሱልኝ።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ...

መብራት ጠፋ፣ ውሻ አላዘነ ምናምን የለም። ቀን ነው። የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ ስምንት ሰዓት ገደማ። ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ኪቦርዱን አግላዋለች፣ ከታች የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

እንዲህ ባለ ቀን ነው የሆነው።

ለመድኃኒት ቤቶች የሚሆን ፕሮግራም የምንሠራ ሰዎች ነን። እያንዳንዳችን የጻፍነውን ኮድ ወደ አንድ ሰርቨር፣ የሁላችን ወደሆነ ትልቅ ኮምፒውተር፣ እንልካለን። ሰርቨሩ የሁላችንንም ይገጣጥማል፣ ይፈትናል፣ ያደረገውን ሁሉ ደግሞ መስመር በመስመር ይጽፋል። ያንን ነው ሎግ የምንለው። አንድ ፈተና እንኳ ከወደቀ የማንም ሥራ አይወጣም። የት ጋ እንደወደቀ ለማወቅ ሎጉን ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው... መዓት መስመር፣ ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

ያንን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ።

«ዓይናማ» ነው የሚሉኝ። «ዓይናማ፣ እባክሽ ነይ እይልኝ!» ከዚህም ከዚያም። እሄዳለሁ፣ ሎጉን ወደ ታች አንከባልላለሁ፣ ጣቴን እደቅናለሁ... «ይኸውልህ።» አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ።

እጮኛዬንም ያገኘሁት በዚሁ ነው። የእሱ ኮድ ሁልጊዜ ይወድቅ ነበር። ቆይቶ እንደነገረኝ ግማሹን ሆን ብሎ ነበር የሚጥለው፣ እኔ አጠገቡ እንድቀመጥ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አይወደድም? ቀለበት ያሰርነው በቅርቡ ነው።

ከዚያ አዲሷ ልጅ መጣች።

ሲበዛ ዝምተኛ ናት። ስትናገርም ለራሷ የምታወራ ነው የሚመስለው። አንድ ጠዋት ሁላችንንም ጠርታ የሠራችውን ገጽ አሳየችን። ሎጉ እዚያ ላይ ሌላ ነገር ሆኗል። ያለፈው ሁሉ ታጥፎ አንድ አንድ አረንጓዴ መስመር ብቻ ይታያል። ከጎኑ ትንሽ ቀስት አለች፣ ማየት የፈለገ ተጭኖ ይዘረጋዋል። የወደቀው ደግሞ ብቻውን፣ ቀይ ሆኖ፣ አናት ላይ ቁጭ ብሏል።

ሕፃን ልጅ ያነበዋል።

«ተባረኪ!» አለ አለቃችን። «ዓይናችንን አተረፍሽልን።»

ዓይናችንን! የእኔ ዓይን ታዲያ ምን ሊሆን ነው?

እሱ ይሁን። የባሰው እጮኛዬ ነው። «አንቺ፣ እንዴት አሰብሽው?» ብሎ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ቁጭ አለ። ያ ወንበር ወደ እኔ ብቻ ሲሳብ የኖረ ወንበር ነው።

አልዋሻችሁም፣ ቀናሁ። በሥራዋ ቀናሁ፣ በጣቶቿ ቀናሁ፣ እሱ ሲጠራት ድምፁ ላይ በሚመጣው ለስላሳ ነገርም ቀናሁ። ቀናተኛ ናት በሉኝ። ሰው የራሱን ሲወስዱበት ካልቀና መቼ ሊቀና ነው?

እሷ ደግሞ ምንም እንዳላወቀ ሰው መጥታ፣ «እህቴ፣ ገጹን ላሳይሽ?» አለችኝ።

እኔን! ሎግ! ልታሳየኝ!

«አይቼዋለሁ» ብዬ ፊት ነሳኋት።

ከዚያ ወዲህ «ነይ እይልኝ» የሚለኝ ጠፋ። እሱም ጭምር። ኮዱ ሲወድቅ ራሱ አይቶ ራሱ ያስተካክላል። ከሥራ ስንወጣ ኩርፊያዬን ያያል።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ይሄ ፊትሽ እኮ ሰለቸኝ።»

እየሳቀ ነው ያለው። ቀልድ እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም አውቀናል። ሰውዬው ከእጄ እየወጣ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ሙያ ሰዎች የምናደርገው አንድ ነገር አለ። የሌላውን ሥራ ማጋለጥ ስንፈልግ፣ ሆን ብለን የሚወድቅ ፈተና ጽፈን እንልክበታለን። ገጿ ለአንዴ እንኳ ብትሳሳት... የወደቀውን ነገር «አልፏል» ብላ ብታጥፈው አለቀላት። ማንም አያምናትም። ሁሉም እየሮጠ ወደ እኔ ይመለሳል፣ ያ ወንበርም ጭምር።

ጻፍኩት። አንድ ፈተና፣ ምንም ቢደረግ የማያልፍ። ስም ያስፈልገው ነበር፣ የራሴን ቅጽል ሰጠሁት። ዓይናማ።

ሰው ከምሳ ሳይመለስ ላክሁት።

ሰርቨሩ ዞረ... ዞረ... ጨረሰ።

አናት ላይ፣ ቀይ።

«ዓይናማ — ወድቋል።»

አልተሳሳተችም። ጥርሴን ነክሼ ገጹን ልዘጋው ስል... ዓይኔ ወደ ታች ወረደ።

አረንጓዴ። የታጠፈ።

«ዓይናማ — አልፏል።»

እንዴ?

እኔ የጻፍኩት አንድ ነው። ወደ ኮዱ ተመልሼ አየሁ። አንድ ነው። በዚህ ስም ሌላ ነገር እንዳለ ፈለግሁ። የለም። ሰርቨሩ ደግሞ ያልተጻፈለትን አይፈትንም፣ ይሄን ለማወቅ ዓይናማ መሆን አያስፈልግም።

ቀስቷን ተጫንኳት። መስመሩ ተዘረጋ።

«በር ከፈተች — አልፏል።»

«አጠገቡ ተቀመጠች — አልፏል።»

«እጁን ያዘች — አልፏል።»

እንዲህ ያለ ሎግ በዘመኔ አይቼ አላውቅም። ሰው እየቀለደብኝ ነው ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ቢሮው ባዶ ነው። ወደ ስክሪኑ ስመለስ አዲስ መስመር ከታች ብቅ አለ።

«ሳቀች — አልፏል።»

ያኔውኑ ከኮሪደሩ በኩል የሴት ሳቅ ሰማሁ።

ተከትሎት የወንድ ሳቅ መጣ። የእሱን ሳቅ ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ።

ደሜ ፈላ። ፍርሃቱንም ረሳሁት። «ያዝኳችሁ!» ብዬ ተነሳሁ።

ከቢሯችን ወጥታችሁ በቀኝ ስትሄዱ መጀመሪያ የውሃ ማቀዝቀዣው አለ። ቀጥሎ የእሳት ማጥፊያው። ቀጥሎ የስብሰባ ክፍሉ በር።

የውሃ ማቀዝቀዣው ነበረ።

የእሳት ማጥፊያው ነበረ።

በሩ የለም።

ግድግዳ ነው። ነጭ ቀለሙ አርጅቶ፣ እዚህም እዚያም የእጅ እድፍ ይዞ... በር ኖሮበት የማያውቅ ግድግዳ። ኮሪደሩም አጥሯል። ጫፉ ላይ የነበረው መስኮት ወደ እኔ ቀርቧል። አንድ ሰው መሃሉን እንደ ወረቀት አጥፎ የቀረውን ያገጣጠመው ይመስላል።

ሳቁ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው።

ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ግድግዳው ይሞቃል። ሰው ብዙ የተቀመጠበት ወንበር እንደሚሞቀው።

«ምን ትሰሚያለሽ?»

ዘልዬ ዞርኩ።

አዲሷ ልጅ ናት። የምሳ ዕቃዋን እንደያዘች ከደረጃው መውጣቷ ነው። ታለከልካለች።

«አንቺ... ውስጥ አይደለሽም?»

«የት ውስጥ?»

በጣቴ ግድግዳውን አሳየኋት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«በሩስ?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«ቀስ በይ... ስሚ።»

ቆመን አዳመጥን። እሱ ያወራል፣ ሴትየዋ ትመልሳለች። ደግሞ ይስቃሉ። አዲሷ ልጅ ካልሆነች ሌላ ሦስተኛ አለች ማለት ነው።

«ማናት?» አልኳት።

ግድግዳውን ትታ እኔን አየችኝ።

«ድምፅዋን አውቀሽዋል። ፊትሽ ይናገራል። ማናት?»

ክንዴን ያዘችኝ።

«እህቴ... አንቺ ነሽ።»

ሰው የገዛ ድምፁን ከውጭ ሲሰማው አያውቀውም። ተቀድቶ ሲያሰሙን እንኳ «ይሄ እኔ ነኝ?» እንላለን አይደል? እሷ ካለችኝ በኋላ ነው የለየሁት። የእኔው ነው። ግን ኩርፊያ የለበትም። ያረፈ ሰው ድምፅ ነው።

«ይቺ አዲሷ ልጅ እኮ ጎበዝ ናት» አለች፣ ግድግዳው ውስጥ ያለችው። ከልቧ ነው። «ስንት ዘመን ዓይኔን ሳፈስ ኖሬ አሳረፈችኝ። ዛሬ ምሳ ልጋብዛት አስቤ ቀድማኝ ወጣች።»



«እንዲህ ስትሆኚ» አላት እጮኛዬ፣ «እንዴት እንደምወድሽ።»

እንግዲህ ፍርሃት ቢገድለኝ አይፈረድብኝም። ግን ስሙኝ... ከፍርሃቱ በላይ ቀናሁ። እኔን ከእኔ አሳምራ በሆነችው ሴት ቀናሁ። ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። ውስጥ ያሉት ወሬያቸውን አላቋረጡም።

ያኔ ከቢሮው የአለቃችን ጩኸት መጣ። ከምሳ ተመልሷል።

«ማነው ይሄን ቀይ ያስገባው? ሥራው ሁሉ ተያዘ እኮ! ሰርዙልኝ!»

አዲሷ ልጅ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አንቺ ነሽ?»

«ፈተና ነው... የሚወድቅ። በስሜ ነው የጻፍኩት።»

«በስምሽ?!»

ተያይዘን ሮጥን። ኮምፒውተሯ ላይ ቁጭ ብላ ገጹን ከፈተችው። ሁለቱንም አየች፣ ቀዩንም አረንጓዴውንም።

«የቱን ልሰርዝ?» አለች ዝቅ ብላ።

«ያለፈችውን!» አፌ ቀደመኝ።

ፈለገች። ወደ ላይ፣ ወደ ታች...

«የለችም። የጻፋት ሰው የለም። ሊሰረዝ የሚችለው ቀዩ ብቻ ነው።»

ቀዩ የእኔ ነው። የወደቀው። በስሜ የጻፍኩት።

«እሱ ከተሰረዘ... እኔስ?»

እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

አለቃችን ከኋላችን ደረሰ። «ይሄን ያህል ምን ያስጨንቃል? ወዲያ በሉ፣ እኔ እሰርዘዋለሁ።» እጁን ወደ ማውሱ ላከ።

«አንዴ ይቆዩኝ!» አለች አዲሷ ልጅ። እሷ ስትጮህ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ በረሩ። በዚያች ሰዓት እንኳ ፍጥነቷ አስቀናኝ። አልሰረዘችውም። ሰርቨሩ ጨርሶ እንዳይፈትነው «ይዘለል» የሚል ምልክት ጻፈችበት። ሰርቨሩ እንደገና ዞረ። ቀዩ መስመር ደብዝዞ ግራጫ ሆነ።

«ዓይናማ — ተዘሏል።»

አልወደቀም። አላለፈም። የሌላው ሁሉ ሥራ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

«እሰይ» አለ አለቃችን። «ለመሆኑ ዓይናማ የት ሄደች?»

ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ።

«አለሁ እኮ» አልኩ።

አልፎኝ ሄደ።

ከኮሪደሩ በር ሲከፈት ተሰማ። ወጣሁ። የስብሰባ ክፍሉ በር ቦታው ላይ ነው። እጮኛዬ ከውስጥ ወጥቶ፣ በሩን በአንድ እጁ ከፍቶ ያዘ... ሰው እስኪወጣ።

ማንም አልወጣም።

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ከኋላዬ ተከትላኝ የወጣችውን አዲሷን ልጅ አይቶ ፈገግ አለ።

«ለሻይ ወረድ ብለን እንመጣለን» አላት።

ብለን! ከማን ጋር?

ስሙን ጠራሁት። ጮኼ ጠራሁት። ክንዱን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ደረጃው ጋ ደርሶ ነበር። አዲሷ ልጅ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ አየች። አፏን በእጇ ይዛ በሩ ጋ ቀረች።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።

ታች ወጣ። ፀሐይ ላይ። አስፋልቱ ዳር ቆሞ ግራና ቀኙን አየ። አንድ እጁ ከጎኑ ተዘርግቷል፣ ጣቶቹ የሰው ክርን እንደያዙ ታጥፈዋል። ወደ ባዶው ዞሮ ይስቃል። መኪና ሲመጣ ባዶውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

ክርኔ ተጨበጠ።

በሞቀ እጅ። ቀስ ተብሎ፣ በስስት...

ዞርኩ። አጠገቤ ማንም የለም። አዲሷ ልጅ ገና እዚያው በሩ ጋ ናት።

እኔን እንደዚያ ይዞኝ አያውቅም።