ትኩስ ብረት በባዶ እጅ

ሰውየው ከደረቱ በላይ ታክሲዋ ሆድ ስር ነው። እግሮቹ ግን ሥራ ላይ ያለ ሰው እንደሚዘረጋቸው ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። ቀኝ እጁ አሥራ አራት ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ ጨብጧል። ታክሲዋን ያነሳት ክሪክ ወርዷል። ሁለቱ የብረት መቆሚያዎች ማንም እንዳልነካቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ያው ግልጽ ነው» አለ መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ፣ ደብተሩን እንኳ በቅጡ ሳይገልጥ። «መቆሚያ ሳያደርግ ገባ፣ ክሪኩ ከዳው።»

«አልገባም!» አለ ከበሩ የመጣ ድምፅ።

ሟቹን መካኒኮቹ ሁሉ «ጆሮ» ነበር የሚሉት፤ ሞተር አዳምጦ ሕመሙን ስለሚናገር። ከበሩ የጮኸችው ልጁ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እሷም ከአባቷ ጎን ስትሠራ ያደገች መካኒክ ናት። አባቷ «አሥር ቁጥር» ብሎ ይጠራት ነበር፤ ከቁልፎቹ ሁሉ ትንሿ፣ ከጠፋች ግን ጋራዡን ሥራ የምታስፈታ እያለ ይቀልድባት ነበር። የደንበኛ መኪና ለዓመታዊ ምርመራ አድርሳ ስትመለስ ነው በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሎ ያገኘችው።

አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ከቢሮው ወርዶ ትከሻዋን ያዛት። ፖሊሱ የጻፈው አንድ ገጽ እጁ ላይ ነው። «ሟቹ በራሱ ቸልተኝነት» ይላል ወረቀቱ።

«ፈርሚና እናሳርፈው፣ የወንድሜ ልጅ። ነገሩ ከተጓተተ ጋራዡን ያሽጉታል። የስንታችን ጉሮሮ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አባዬ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቶ አንድ ቀን ያለ መቆሚያ አልገባም። ቸልተኛ ነበር ብዬ በእጄ አልፈርምም! ማሸግ ከፈለጉ እኔን ጨምረው ያሽጉን።»

«ሁሉም ሰው እስከሚሳሳትባት ቀን ድረስ ጠንቃቃ ነው» አለ ፖሊሱ።

አሥር ቁጥር ክሪኩ አጠገብ ተንበረከከች፤ ሳትነካው አየችው፣ አሸተተችው። «ዘይት አላፈሰሰም። የማውረጃው ብሎን ተፈቷል። ይሄ በራሱ አይፈታም፤ በእጅ ነው የሚዞረው። መኪና ስር የተኛ ሰው ደግሞ እጁ እዚህ አይደርስም። ከፈለግክ ተኛና ሞክረው!»

ፖሊሱ አልሞከረውም። ስልኩን አወጣና አለቆቹ ጋር ደወለ።

መርማሪዋ የመጣችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሃምሳ ያለፋት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጉንጯ ውስጥ ከረሜላ የማይጠፋ ሴት። ማንንም ሳታናግር ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ ከቁልፉ አላቀቀችና መዳፉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን የቆዳ ጓንት አየች።

«እኔ መኪና የማውቀው ከኋላ ወንበር ነው» አለቻት አሥር ቁጥርን። «እንደ ሕፃን አስረጂኝ ልጄ። አባትሽ ምን እየሠራ ነበር?»

«ታክሲዋ ጉልበት አጥታለች። ካታላይዘሯ ነው የተበላሸው። ከሞተሩ የሚወጣውን መርዛም ጭስ የሚያጣራ፣ ሆዷ ስር ያለ የብረት ሣጥን ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ አለ። ሸክላው ሲፈርስ ጭሱ መውጫ ያጣል፣ መኪናዋም ትታፈናለች። አባዬ ትናንት ድምፁን ሲሰማ አወቀው፤ ዛሬ አረጋግጦ ሊቀይረው ነበር።»

«ታክሲዋ ስንት ሰዓት ገባች?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ነው አሉ። በያጁ ስምንት ተኩል ሲያልፍ ነው ሬሳውን ያገኘው።»

በያጁን «ብልጭታ» ይሉታል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከብየዳው ይሁን ከለቅሶው አይለይም።

«ጓሮ ሆኜ በር እበይዳለሁ፤ በመካከሉም በግራይንደር እሞርዳለሁ። መድፍ ቢተኮስም አልሰማም። ደግሞ ሌላ ሰው ሳይነግርዎት እኔው ልንገርዎት፤ ጠዋት ተጣልተናል። ‹ብየዳህ የዶሮ ጭረት ይመስላል› አለኝ። እኔም ‹ጆሮ እንጂ ዓይን የለህም› አልኩት። በየቀኑ ነው የምንጣላው። እንግዲህ ነገ ከማን ጋር እጣላለሁ?»

አጎትየው ፎቅ ላይ ቢሮው ውስጥ ስልክ ላይ እንደነበር ተናገረ። ባለታክሲው ደግሞ ማዶ ምግብ ቤት ነበር፤ አስተናጋጇም መስክራለታለች።

«ዳገት ላይ ስትደርስ ልግፋሽ ወይ እላታለሁ፣ እግዜር ያሳይዎት!» አለ ባለታክሲው። «ስምንት ሰዓት ላይ አስገባኋት። ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ዕቃው እስኪመጣ ምሳህን ብላ፣ እኔም ሙቀቷን ልለካ› አለኝ። እኔ እየበላሁ ሰውየው… ምሳዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።»

መርማሪዋ ጻፈችና ከረሜላ ሰጠችው።

ወደ ማምሻው የመለዋወጫ ነጋዴው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ነጭ ሸሚዙ የእጅጌው አዝራር ሳይቀር ተቆልፏል። ለዚያ አካባቢ ጋራዦች ሁሉ ዕቃ የሚያቀርበው እሱ ነው።

«እህቴ፣ በርቺ። አባትሽ አባቴ ነበር» አላት። ለመርማሪዋ ደግሞ፦ «አዲሱን ካታላይዘር ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አስረክቤው ሄድኩ። ታክሲዋም ገና አልመጣችም ነበር። እንግዲህ አሮጌውን ቶሎ ፈትቶ ሊጥል ቸኩሎ ይሆናላ። መካኒክ ሲባል ትዕግሥት የለውም።»

«የኔን አባት ትዕግሥት አንተ አትነግረኝም!» አለችው አሥር ቁጥር።

«ኀዘን ነው፤ አልቀየምሽም።»

ሲሄድ መርማሪዋና አሥር ቁጥር ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄዱ። የአዲሱ ካታላይዘር ካርቶን ተከፍቷል፤ የላስቲክ መዶሻ አጠገቡ ወድቋል። አሥር ቁጥር ዕቃውን አወጣችና በመዶሻው ቀስ አድርጋ መታችው። ድምፁ ድፍን ነው።

«ደህና ዕቃ ነው» አለች። አገላበጠችው፤ እንደገና አገላበጠችው።

«ምን አጣሽ?»

«ምልክት የለውም። አባዬ ካርቶን ከከፈተ ዕቃውን መትቶ ሳያዳምጠው አይቀበልም። ካዳመጠ ደግሞ በጠመኔ ይጽፍበታል። ደህና ከሆነ ክብ፣ ብልሹ ከሆነ የመስቀል ምልክት። አንድ ብሎን ብትሆን እንኳ አይምራትም።»

«ምናልባት ሳያዳምጠው…»

«መዶሻው እዚህ ምን ይሠራል ታዲያ?»

መርማሪዋ ከረሜላዋን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረች። «ይሄን ለማንም አትንገሪ። ለአጎትሽም ቢሆን።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ያልተጠበቀ ነገር ጠየቀች። «አባትሽ የጀመረውን ምርመራ ከመጀመሪያው ሥሪልኝ፤ እኔ ሰዓት እይዛለሁ።»

አሥር ቁጥር ቱታዋን ለበሰች። ታክሲዋን አነሳች፤ ሁለቱን መቆሚያዎች ስታስገባ ፖሊሱን ዓይኑን እያየች ነው። ካታላይዘሩን ስትመታው ውስጡ የተሰበረ ገል ያለበት ጣሳ ይመስል ተንኳኳ። ሞተሩን አስነስታ እስኪግል ጠበቀችና በሙቀት መለኪያው ከፊትና ከኋላው ለካች።

«ጤነኛ ቢሆን ኋላው ከፊቱ ይበልጥ ይሞቅ ነበር። ያዩታል? ፊቱ አራት መቶ ሃያ፣ ኋላው ሁለት መቶ ዘጠና። ጭሱ ፊት ለፊት ታግቷል።» ከዚያ የግፊት ጌጁን ገጠመች። ጋዝ ስትሰጥ መርፌው ቀዩ ላይ ወጥቶ ቆመ። «አባዬ ልክ ነበር።»

«ሃያ ሁለት ደቂቃ» አለች መርማሪዋ። «አሁኑኑ ፍቺው።»

አሥር ቁጥር ሳቅ አመለጣት፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «እጄን ይጠሉታል እንዴ? ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቀዝቅዝ እንጂ!»

መርማሪዋ ደብተሯን ዘጋች። «ሁሉንም ጥሪያቸው። ስምንት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ።»

ስምንት ሰዓት ላይ አጎትየው፣ ብልጭታ፣ ባለታክሲውና ነጋዴው ታክሲዋ ዙሪያ ቆሙ። ፖሊሱ በሩ ላይ ነው። አሥር ቁጥር አልቆመችም፤ የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማንም ተነሺ አላላትም።

«መጀመሪያ እጅጌያችሁን ሰብስቡ» አለች መርማሪዋ።

የብልጭታ ክንድ በጠባሳ እንደ ካርታ ተሥሏል። አጎትየው ወገቡን አሞት ቢሮ ሳይገባ በፊት መኪና ስር ስለሠራ፣ ክንዱ ላይ የዱሮ ቃጠሎ አለ። ባለታክሲው ሱሪውን ሰበሰበ። «የኔ እግሬ ላይ ነው! ጎማ ልቀይር ብዬ ጭስ ማውጫዋ ላይ ተለጠፍኩላት» አለ። ነጋዴው አዝራሩን ለመፍታት ጊዜ ወሰደ። ክንዱ የሕፃን ክንድ ነው፤ ምንም የለበትም።

«ክንዴ ስላልተቃጠለ ነፍሰ ገዳይ ሆንኩ?»

«ገና ነው፤ አይቸኩሉ። ሐኪሙ የላከልኝ ወረቀት ሟቹ መኪናዋ ሳትወርድበት በፊት ማጅራቱን ተመትቷል ይላል። መትቶት ስር ያስገባው ሰው ሥራ ላይ እያለ የሞተ ሊያስመስለው ቁልፍ አስጨበጠው። ታክሲዋ ስምንት ሰዓት ላይ ዳገት ወጥታ እንደጋለች መጣች፤ ምርመራው ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ስምንት ተኩል ላይ ያ ሣጥን አራት መቶ ዲግሪ ነው። የሟቹ መዳፍ ላይ ግን ዘይት እንጂ ቃጠሎ የለም። ጓንቱም ምስማሩ ላይ ነው። በባዶ እጁ ሊፈታው የሚነሳ መካኒክ አለ?»

«እብድ ካልሆነ» አለ ብልጭታ።

«በእሳት የሚኖር ሰው ይሄን ስህተት አይሠራም። እናንተ ሦስታችሁ በጠባሳችሁ ታውቁታላችሁ። ካታላይዘርን ቀዝቃዛውን ብቻ፣ በካርቶን ውስጥ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ከእነ ትኩሳቱ ይፈታል ብሎ ያስባል።»

ነጋዴው ሳቀ። «በዚህ ልትከሱኝ? እኔ በሰባት ተኩል ሄጃለሁ።»

«አንተ፣» አለች መርማሪዋ ወደ ባለታክሲው ዞራ፣ «ስምንት ሰዓት ላይ ምን አለህ?»

«‹ዕቃው እስኪመጣ ምሳህን ብላ›» አለ ባለታክሲው። ከዚያ አፉን ከፍቶ ነጋዴውን አየው። «እስኪመጣ! አልመጣም ነበራ!»

«አልመጣም ነበር። የመጣው ሟቹ ለክቶ ሲጨርስ ነው። ሟቹ እርስዎ ፊት ካርቶኑን ከፈተ፣ መታ፣ አዳመጠ። ውስጡ ሸክላ የለውም፤ ሽቦ የተጠቀጠቀበት ቆርቆሮ ነው። ምልክቱን ጻፈበት። እርስዎ ከገደሉት በኋላ ያንን ወሰዱና ደህናውን ካርቶኑ ውስጥ ተኩ። አንድ ዓይነት ካታላይዘር ሁለት ይዞ የሚዞር ከእርስዎ ሌላ ማን አለ? ግን የተኩት ላይ ጠመኔ የለም፤ ይሄን ያየችው ደግሞ እሷ ናት።»

«ቆሻሻ ጋራዥ ውስጥ ጠመኔ ጠፋ ተብሎ…»

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ወደ ውጭ ወጥቶ ተመለሰ። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ካታላይዘር በሁለት እጁ ይዟል። «ከነጋዴው መኪና ኋላ ነው ያገኘነው። አዲስ ካርቶን ውስጥ መልሶ አሽጎታል። የሌላ ጋራዥ አድራሻ ተጽፎበታል።»

ብረቱ ላይ የጠመኔ መስቀል አለ፤ በጆሮ እጅ የተጻፈ፣ አንዱ እግሩ ረዘም ያለ።

አሥር ቁጥር ተነሳች። «ሰው ገድለህበት እንኳ አልጣልከውም? ልትሸጠው?»

«ዛሬውኑ ጋራዥ ለጋራዥ እዞራለሁ አለኝ!» ነጋዴው ድምፁ ተሰበረ። «ያስገባኸውን ሁሉ አስፈታለሁ አለኝ። ለምኜዋለሁ፤ አልሰማ አለኝ። ጀርባውን ሲሰጠኝ…»

«አንተን አልሰማህም» አለችው። «ዕቃውን ነው የሰማው።»

ፖሊሱ ሲወስደው ነጋዴው ከበሩ ዞሮ፣ «ከኔ በቀር ዕቃ የሚያቀርብልሽ የለም! ይሄ ጋራዥ ወር አይቆይም!» አለ።

«አባዬ ሊዞራቸው የነበሩትን ጋራዦች እኔ እዞራቸዋለሁ» አለች አሥር ቁጥር። «ዛሬ እጀምራለሁ። አንተ ቁጭ ብለህ ስንቱ እንደተፈታ ትሰማለህ።»

አጎትየው ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር። «ፈርሚ ብዬሽ ነበር» አለ። «እኔ ወንድሙ ሆኜ…» አሥር ቁጥር እጁን ያዘችው፤ ምንም እንዳልሆነ ግን አልነገረችውም።

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ወረቀት ዘርግታ ጻፈች። ስትጨርስ ለአሥር ቁጥር አቀበለቻት። «‹ሞቱ የግድያ ወንጀል ነው።› የቤተሰብ ተወካይ ብለሽ እዚህ ጋ ትፈርሚያለሽ።»

አሥር ቁጥር ቆማ አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው።

«አንድ ነገር ይቀረዋል።»

«ምን ቀረው?»

«ትናንት ቸልተኛ ነበር ተብሎ ተጽፎበታል፤ መንደሩም ሰምቶታል። ‹ሟቹ በሥራው ላይ ምንም ጥፋት አልነበረበትም› ይበሉበት።»

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ላይ መጻፍ አልተለመደም። አለቆቼ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። ካልተጻፈ አልፈርምም።»

መርማሪዋ ከመነጽሯ በላይ አየቻት። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። መርማሪዋ ከረሜላዋን ቆረጠመችና ወረቀቱን ወደ ራሷ ጎተተች፤ ቃል በቃል፣ ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈችው።

አሥር ቁጥር ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«አሁን ብዕሩን ይስጡኝ።»