ፐርልን ማን ገደላት

ፐርል የተገኘችው እንቁላል በምትጥልበት ሣጥን ውስጥ ሞታ ነው። ክንፎቿ ተሰብስበዋል፤ አንገቷ ሥር ያለው የእህል ከረጢት እንደ ቡጢ አብጧል። ኦሪን ሃልቮርሰን ጠዋት የዶሮ ቤቱን ሲከፍት አያትና ወዲያው ወደ ካውንቲው የእንስሳት ጉዳይ ቢሮ ደወለ። ጎረቤቴ ዶሮዬን መርዞ ገደለብኝ ብሎ ከሰሰ።

ልጁ ጄኔል ስልኩን ከእጁ ልትነጥቀው ምንም አልቀራትም ነበር። ለአንዲት ዶሮ መርማሪ ይጠራል ወይ ብላ ተቆጣች። ኦሪን ግን ነገሩ የዶሮ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ባለፈው ወር ምድጃ ለኩሶ በመርሳቱ ቤቱ ሊቃጠል ነበር። ያን ዕለት አባትና ልጅ ተዋዋሉ፤ እንዲህ ያለ መርሳት ከተደገመ ኦሪን ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይገባል። ስለዚህ የሞተችውን ዶሮ ሲያይ መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ «ምን ረስቼ ይሆን?» የሚል ነበር። መርዝ የሚለው የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣለትም ጎርፍ የወሰደው ሰው ቅርንጫፍ እንደሚይዝ ሙጭጭ አድርጎ ያዘው።

መርማሪዋ ሮዌና ቴት ሰላምታ የማታበዛ፣ ጠጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ናት። ዶሮ ቤቱ ውስጥ ተንበረከከችና የፐርልን ከረጢት በጣቶቿ ጫን ጫን አደረገች። ከዚያ የእግሮቿን ላባ ገላልጣ አየች።

«መርዝ ነው ያሉት ለምንድን ነው?»

«ጎረቤቴ ድዋይት አውራ ዶሮዬ ሲጮህ ይናደዳል። ሰሞኑን ደግሞ በአጥር ላይ ሣር እየወረወረ ነው። ምን እንደነሰነሰበት እሱ ያውቃል።»

ሌሎቹም ከሣሩ በልተው እንደሆነ ጠየቀችው። በልተዋል አለ። ሮዌና በግቢው ውስጥ የሚጭሩትን ዶሮዎች አንድ በአንድ ተመለከተችና ወደ ኦሪን እጅ ዞረች። አንጓው ላይ ትኩስ ጭረት አለ።

«ይህስ?»

«ጽጌረዳ ስከረክም ነው መሰለኝ» አለ። የከረከመበትን ቀን ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ፈጥኖ ወሬ ቀየረ። «እንዲህ ከረጢቷ ለሚደፈን ዶሮ ባለቤቴ አርዲስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መላ ነበራት። እኔ እግሯን ይዤ ቁልቁል እዘቀዝቃታለሁ። አርዲስ ዘይት ታንቆረቁርባትና ከረጢቱን ወደ አፏ ታሸዋለች። ስልኳን በጥርሷ ነክሳ እያበራች፣ እስቲ አስቢው። ዶሮዋ አረንጓዴ ውሃ ትተፋለች፣ እኛ እንስቃለን።»

የአርዲስ እጆች ቁልጭ ብለው ታዩት። በዚያ ጠዋት ጥርት ብሎ የታየው ትዝታ ይህ ብቻ ነበር። ሮዌና ወደ አጥሩ አመራች።

ድዋይት አጥሩን ተደግፎ ይጠብቃቸው ነበር። መርዝ የሚለውን ሲሰማ ከመቆጣት ይልቅ ሳቀ። ኦሪን እንቁላል ይሰጠዋል፤ እሱም ከቦይ ዳር ያጨደውን ረጅም ሣር ለዶሮዎቹ ይወረውራል።

«መርዝ ቢኖረኝ የማበላው ያንን ጩኸታም አውራ ነበር። ፐርልን ገድዬ ቁርሴን ከየት ላመጣ ነው?»

«ወይዘሮ አርዲስ ከሞቱ ስንት ጊዜ ሆናቸው?» አለች ሮዌና።

«ኧረ ቆየ። ያኔ የነኦሪን ስልክ ገና ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።»

ከኋላ የቆመው ኦሪን በጥያቄው ቅር አለው። የሞተች ሚስቱ ከሞተች ዶሮ ጋር ምን አገናኛት?

ጄኔል ወጥ ቤቱ በር ላይ እጆቿን አጣጥፋ ቆማለች። ዶሮ ቤቱን ከረገጠች ሳምንት እንዳለፋት ተናገረች። ሮዌና ፐርልን በፎጣ አቅፋ ቀረበችና ጓንት እስካጠልቅ ያዥልኝ አለቻት።

«ይቅርብኝ» አለች ጄኔል ወደኋላ እያለች። «ያ የኮመጠጠ ሽታ ከእጅ አይለቅም።»

ኦሪን አፍንጫውን ወደ ዶሮዋ አስጠጋ። ከላባ ሽታ በቀር ምንም አልሸተተውም።

ሮዌና ብቻዋን መኪናዋ ኋላ ላይ ፐርልን ቀድዳ መረመረቻት። ስትጨርስ ሦስቱንም ዶሮ ቤቱ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ የለም» ብላ ጀመረች። «ሌሎቹም ከዚያው ሣር በልተዋል፤ አንዳቸውም አልሞቱም። ከረጢቷን የደፈነው ራሱ ሣሩ ነው፤ ረጅም ስለሆነ ውስጧ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። ድዋይት፣ ሁለተኛ እንዳይወረውሩ። የምትፈጭበት ጠጠር ቢኖር እንኳ ትንሽ ይረዳት ነበር፤ የጠጠሩ ሣህን ግን ባዶ ነው።»

ኦሪን አንገቱን ደፋ። ጠጠር መሙላት የሱ ሥራ ነው።

«የገደላት ግን ይህ አይደለም። ከረጢቷ የተደፈነ ዶሮ ቀስ በቀስ ትከሳለች እንጂ ባንድ ምሽት አትሞትም። የመተንፈሻ ቧንቧዋ ዘይትና የኮመጠጠ ውሃ ሞልቶበታል። ይህ የሚሆነው ተዘቅዝቃ ስታስመልስ ነው፤ የምትተፋው ሳንባዋ ይገባል። እዚህ አካባቢ ዶሮ ያለው ሰው ሁሉ መድኃኒት ይለዋል፤ እኔ ደግሞ በየወቅቱ ሬሳ አነሳበታለሁ።»

«ማን ዘቀዘቃት?» አለ ኦሪን።

«ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ያሸው ሰው የውሃውን ሽታ ያውቀዋል። ምንቃሯ ተዘግቶ ሳለ ከውጭ አይሸትም ነበር፤ ጄኔል ግን ከእጅ እንደማይለቅ ነገረችኝ። እግሯን የያዘው ደግሞ ተቧጥጧል።»

ሁሉም የኦሪንን እጅ አዩ። እሱም አየው።

«አርዲስ ናት ያሸቻት» አለ።

«አርዲስ በሕይወት ሳሉ የሚያበራ ስልክ አልነበረም፣ ሚስተር ሃልቮርሰን። የነገሩኝ የትናንቱን ምሽት ነው።»

ጄኔል ዶሮ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። «አንተ ነህ የጠራኸኝ፣ አባዬ። እናትሽ እንዲህ ነበር የምታደርገው ብለህ አሳየኸኝ። ስታስመልስ የተሻላት መስሎን አስተኛናት። ጠዋት መጥተህ ማን ገደላት ስትለኝ ጭራሽ እንደረሳኸው ገባኝ። ብነግርህ ውላችንን ታነሳለህ። እኔ ደግሞ እንድትሄድ አልፈልግም።»

ሮዌና ለማጽናናት አልሞከረችም። ከሚጭሩት አንዷን ይዛ ከረጢቷን ዳሰሰች፤ የእሷም ጠጥሯል። ለይታ እህል እንድትከለክላት፣ ውሃ እንድትሰጣት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ጥቂት ዘይት በምንቃሯ እያንጠባጠበች ቀስ አድርጋ እንድታሻት ለጄኔል ነገረቻት። ማታ ከረጢት ቢሞላ ጤና ነው፤ ጠዋት ባዶ ካልሆነ ግን ሐኪም ጋ ትወሰድ። መዘቅዘቅ የለም።

ኦሪን ይህን ሁሉ የሰማ አይመስልም። ድዋይትን ይቅርታ ጠየቀው። ድዋይት ኮፍያውን አውልቆ፣ ተወው እባክህ፣ አለ። ከዚያ ኦሪን ወደ ልጁ ዞረ።

«መኪናውን አስነሺ።»

«አባዬ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ትንሽ ተረጋጋ፤ ሰኞ እንነጋገራለን።»

«ሰኞ ይህ ሁሉ ከአእምሮዬ ይጠፋል። ድዋይት ነው የገደላት ብዬ እምላለሁ፤ አንቺም አዝነሽ ዝም ትያለሽ። አሁን ወደ መኖሪያው ውሰጂኝ፤ ለምን እንደምሄድ ሳውቅ።»