ሃያ ሰባት ሚሊሜትር

ፖሊስ ሲደርስ ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ከብረቱ ደረጃ ሥር ተንጋለው ሞተው ነበር። አጠገባቸው መሬት ላይ የተቀመጠችው ልጃቸው፣ ፎቶግራፍ አንሺዋ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ያያት ሁሉ ሐዘን ነው ብሎ አለፈ። እውነቱን ለመናገር ሐዘኑ ገና አልደረሰባትም፤ በዚያች ሰዓት የያዛት ሀፍረት ነበር።

አባቷን ያገኘቻቸው ቅዳሜ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ትንፋሻቸው መቆሙን አረጋገጠች፤ ከዚያ ዘበኛውን ከመጥራቷ በፊት ደረጃውን በሩጫ ወጣች። የኮከብ ተመልካቾች ማኅበር የሚሰበሰበው በሙያ ትምህርት ቤቱ የአናጺዎች ክፍል ጣሪያ ላይ ነው። ማኅበሩ ሊገዛው ያሰበው ቴሌስኮፕ ለሙከራ መጥቶ በሦስት እግሩ ቆሟል፤ ፊቱን ሩቅ ወዳለው የስልክ ማማ አዙሯል። አፉ ላይ ግን ጥቁር ክዳኑ እንዳለ ነው። ወንበሩ ላይ የአባቷ ደብተር ተገልጦ፣ የመጨረሻው መስመር «አራት ሰዓት ከአሥር። የማማው ብሎኖች ጥርት ብለው ይቆጠራሉ» ይላል።

ነገሩ ወዲያው ገባት። አባቷ በተከደነ ቴሌስኮፕ አይተው ብሎን ቆጥረዋል። ሁለት ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ዓመት አልፎታል፤ ኦፕራሲዮኑን ግን «ቴሌስኮፑ ይመረጥና» እያሉ ሲያዘገዩት ነበር። ማኅበሩ በሙሉ በመምህሩ ዓይን ይምላል። ያ ዓይን ማየት እንደተወ ቢሰማ የዕድሜ ልክ ስማቸው የሻይ ቤት መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። ልጅቷ ክዳኑን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከዚያ በኋላ ጮኸች።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር ሰው «ንገሩኝ» ስትል ተሰምታ አታውቅም። «አሳዩኝ» ነው የምትለው፤ ስሟም በጣቢያው «አሳዩኝ» ሆኖ ቀርቷል። ባልደረቦቿ ግን እሷን አልጠበቁም። ዘበኛው ጠዋት ጣሪያው ላይ ጭቅጭቅ ሰምቶ፣ ከዚያ «ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ» ስላለ፣ ቴሌስኮፑን ያመጣውን መነጽር ሻጭ ቅዳሜውኑ ወስደው አሰሩት። ይህ ሰው የሸጠውን ሁሉ «ባለ ዋስትና ነው» ሳይል ስለማይለቅ ራሱንም «ዋስትና» ይሉታል። ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ሦስት ተኩል ላይ እንደወጣ፣ ከዚያም ተናዶ ብቻውን መንገድ ለመንገድ ሲዞር እንደቆየ ተናገረ። ለምን እንደተጨቃጨቁ ሲጠየቅ ግን አፉን ዘጋ።

ሰኞ ጠዋት አሳዩኝ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣች።

«ስለ ቴሌስኮፕ ፊደል አልቆጠርኩም» አለች። «ይኼ ሁሉ ጭቅጭቅ ምን ነበር?»

«የትኛው ይገዛ ነው» አለች ልጅቷ፣ በደንብ የምታውቀው ነገር ስለሆነ እየተረጋጋች። «የጨረቃን ጉድጓዶችና ፕላኔቶችን አተልቆ ለማየት፣ ፎቶም ለማንሳት፣ የትኩረት ርቀቱ ረጅም መሆን አለበት። እሱ ሲረዝም ደግሞ ቧንቧው አብሮ ይረዝማል። ነፋስ ያርገፈግፈዋል፤ ካሜራ ሲሰካበትማ አይጣል ነው። ጣሪያ ላይ ያለው አጭር ነው። መሃሉ ላይ ማራዘሚያ የሚሉት ሌንስ ሲገባበት የረጅሙን ሥራ ይሠራል። በጀርባ አዝለሽው አውቶቡስ ትገቢያለሽ።»

«ታዲያ ምን ያጣላል?»

«ዋስትና ‹ማራዘሚያው ብርሃን ይበላል፣ ረጅሙን ግዙ› ነው የሚል። አባባ አጭሩን መረጠ።»

«በምን አይተው?»

«በዓይኑ ነዋ» አለችና ፊቷ ሲግል ተሰማት።

እውነቱ ሌላ ነው። በዓይን ሌንሱ ውስጥ የምታየው እሷ ነበረች። የማማው ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ቀለም ይፈስስ እንደሆነ፣ ምስሉ ዳር ዳሩ ላይ ይዘባረቅ እንደሆነ ለአባቷ በጆሯቸው ትነግራቸዋለች፤ ማታ ቤት ገብታ የምርጫውን ሪፖርት በስማቸው ትጽፋለች። ማኅበሩ ሪፖርቱን ሲያጨበጭብለት አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው መሬት መሬት አይተዋል።

ኢንስፔክተሯ የመምህሩን ደብተር ገለጠች። «መስመሮቹ ለምንድን ነው አንዱ በአንዱ ላይ የወጣው?»

«ቸኩሎ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች አሳዩኝ። ቃሏ ውስጥ ቁጣም ጥርጣሬም አልነበረም፤ ልጅቷን ይበልጥ ያሳፈራት ይኸው ነው። በዚያች ደቂቃ አንድ ሰው በእሷ ዝምታ ምክንያት ጣቢያ ታስሮ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ አብረው ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ሄዱ። ሰዓት ሠሪው የማኅበሩ አባልና የመምህሩ የአርባ ዓመት ጓደኛ ናቸው። መነጽራቸው ወፍራም በመሆኑ መምህሩ «ጠርሙስ» ብለው ያወጡላቸው ስም ማኅበሩ ውስጥ ጸድቆላቸው ኖሯል። ሱቋ ሁለት ሰው ከያዘች ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል።

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበሩ?» አለቻቸው አሳዩኝ።

«የት እሆናለሁ፣ እዚሁ ነኛ። ይኼን ስፈታ ነው የዋልኩት።»

«እስኪ ሲፈቱ ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ፤ ማጉያዋን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ከአንድ የሴት ሰዓት ውስጥ ፍርፋሪ የምታህል ብሎን በጉጠት አነሱ።

«መነጽሩን ያወልቁታል?»

«መነጽር ካለ ዓይን ወደ ማጉያው አይጠጋም፣ ልጄ። በማንኛውም ሌንስ ሳይ እንዲህ ነኝ።»

«ሐኪሙ አንድ ነገር ነግሮኛል» አለች አሳዩኝ እጃቸውን እያየች። «መምህሩ ወዲያው አልሞቱም። ከወደቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ። ሰው ቢጠራላቸው ይድኑ ነበር ይላል።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። በሩን ተደገፈች። ሰዓት ሠሪው አንገታቸውን አላቀኑም፤ ብሎኗ ግን ከጉጠቱ አምልጣ ወለሉ ላይ ጠፋች፣ እሳቸውም ጎንበስ ብለው አልፈለጓትም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አሳዩኝ ልጅቷን፣ ሰዓት ሠሪውንና ዋስትናን ጣሪያው ላይ ሰበሰበቻቸው። ዋስትና ከጣቢያ ሲመጣ ጺሙ አድጎ ሸሚዙ ተጨማዶ ነበር። ለልጅቷ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲላት ዓይኑን ማየት አቃታት።

«ይህ ቴሌስኮፕ ቅዳሜ እንደቆመ ነው፤ ማንም አልነካውም» አለች አሳዩኝ። «ከነፋሱ ልጀምር። ቅዳሜ አራት ተኩል ላይ አቧራ የጫነ ነፋስ ነበር። ቧንቧው፣ ወንበሩ፣ ደብተሩ ሁሉ አቧራ ለብሷል። የፊቱ ሌንስ ግን ቅዳሜ ስናየው እንደታጠበ ብርጭቆ ነበር። ስለዚህ ነፋሱ ሲነሳ ክዳን ነበረው። እኛ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስንደርስ ክዳን አልነበረውም። ክዳኑ የታለ?»

ዋስትና ጫማውን ያያል። ልጅቷ ከቦርሳዋ ክዳኑን አወጣች።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች። «አባባ አያይም ነበር። ሞራ ነበረበት። ተከድኖ ሳለ ብሎን ቆጠርኩ ብሎ መጻፉ እንዳይታወቅበት ብዬ ነው። ሪፖርቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ ዋስትና ዞረች። «በኔ ዝምታ ታስረሃል። ይቅር በለኝ።»

«እኔም አውቅ ነበር» አለ ዋስትና ቀስ ብሎ። «ጠዋት የቴሌስኮፑን ማስተካከያ ፍለጋ እጃቸው አየር ላይ ሲንከራተት አየሁ። ‹ዓይንዎን ልመርምርዎ፣ በነጻ› አልኳቸው። ‹አታሳፍረኝ› ብለው ጮኹብኝ። ጭቅጭቁ ይኼ ነው። የሰው ዓይን ምስጢር ነው፤ ለፖሊስ እንዴት ላወራው?»

ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሷ የአባቷን ስም ስትጠብቅ የከረመች መስሏት ነበር፤ ያንኑ ስም በእስር የጠበቀላት ይህ ሰው ነው።

«ስትሄድ ክዳኑ ነበረ?» ጠየቀችው አሳዩኝ።

«አልነበረም። በኔ ዓይን አጥርቼ ትቼላቸው ነው የወጣሁ።»

«እንግዲህ ወደ ማጥራቱ እንምጣ።» ከዓይን ሌንሱ ሥር ወዳለችው ተንሸራታች ቧንቧ ጠቆመች። ቧንቧዋ ላይ የሚሊሜትር መስመሮች ተቀርጸዋል፤ በጎን ያለችው ብሎን ስትጠብቅ ባለችበት ትቆማለች። «እኛ ስንደርስ ሃያ ሰባት ላይ ጠብቃ ነበር። እስኪ እያንዳንዳችሁ በየዓይናችሁ አጥሩና አሳዩኝ።»

ዋስትና አጠራ፤ ሠላሳ አንድ ላይ ቆመ። ልጅቷ አጠራች፤ ሠላሳ አንድ። አሳዩኝ ራሷ አጠራች፤ ያው ሆነ። ሰዓት ሠሪው መነጽራቸውን እንዳደረጉ ጎንበስ አሉ። መስታወቱ ከብረቱ ጋር እየተጋጨ ብዙ ተቸገሩና እሳቸውም ሠላሳ አንድ ላይ ቆሙ።

«በማንኛውም ሌንስ ሲያዩ መነጽር አውልቃለሁ ብለውኝ ነበር» አለች አሳዩኝ። «እንደ ልማድዎ ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው መነጽሩን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ዓይናቸውን አስጠጉ፤ ማስተካከያውን ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ አዞሩት። ቧንቧዋ ሃያ ሰባት ላይ ቆመች።

«ሩቅ ማየት የማይችል ዓይን ያለ መነጽር ሲያይ ሌንሱን ወደ ውስጥ ይገፋል» አለች አሳዩኝ። «በሃያ ሰባት እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ ጭጋግ ነው። ስለዚህ ከዋስትና በኋላ እዚህ ቁጭ ብለው ያዩትና ያጠበቁት እርስዎ ነዎት፤ ሱቄ ነበርኩ ያሉት ውሸት ነው። መምህሩ ደግሞ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ብሎኖቹ ይቆጠራሉ ብለው ጽፈዋል። በሃያ ሰባት ደህና ዓይን እንኳ አይቆጥራቸውም። ቢከደንም ባይከደንም ያላዩትን ነው የጻፉት። ብቻውን ያለ ሰው ለማን ብሎ ይዋሻል? አጠገባቸው እንደሚያዩ ሊያሳምኑት የፈለጉት ሰው ነበረ።»

ሰዓት ሠሪው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«አልገፋሁትም» አሉ። «ይኼን ብቻ እመኑኝ። ዓይኑ አላይ ማለቱን ጠርጥሬ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ጠርሙስ ሲለኝ ኖሬ፣ አንዴ እንኳ ብይዘው ብዬ ነው። አይቼ ስጨርስ ከደንኩትና ‹ና እየው፣ አጥርቼልሃለሁ› አልኩት። ቁጭ ብሎ አየ። ‹ብሎኖቹ ይቆጠራሉ› እያለ ጻፈ። እኔም ሳቅሁ። ‹ክዳኑ እኮ አልተነሳም› አልኩት።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ምንም። ፊቱ ብቻ… እንዲያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። ተነሳና ወደ ደረጃው ሄደ። መደገፊያውን አልያዘም። ‹ቆይ፣ ልያዝህ› ማለት ነበረብኝ፤ ያን ብል ሁለተኛ ስድብ የሚሆንበት መሰለኝ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ።»

«ወረዱ?»

«ወረድኩ። በሕይወት ነበር። ዓይኑን ገልጦ ትክ ብሎ አየኝ። እጁን ዘረጋብኝ፤ ሂድልኝ፣ አትድረስብኝ እንደማለት። ከዚያ ዓይን ፊት መቆም አልቻልኩም። ሰው ልጠራ ወጣሁ፤ በኋላው በር ስወጣ ‹ምን አደረግከው ቢሉኝ ምን እላለሁ› አልኩ። ሱቄ ገብቼ ቁጭ አልኩ። የሳቅሁበት ሰው ፊት ተመልሼ ልቆም አፈርኩ።»

አሳዩኝ ደብተሯን ዘጋች። ሰው ወድቆ እያዩ ትቶ መሄድም በሕግ እንደሚያስጠይቅ ነገረቻቸው፤ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዋስትና ፊቱን ወደ ማማው አዞረ።

ልጅቷ ወደ ሽማግሌው ቀረበች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቃቸው ሰው ናቸው፤ የመጀመሪያ ሰዓቷን የሰጧት እሳቸው ነበሩ። ልትጮህባቸው ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ድምፅ ግን የራሷ አልመስል አላት።

«ጋሼ፣ አባባ እኮ አላየዎትም» አለች። «ማን እንደቆመ አያውቅም። ቤት ውስጥም እንደዚያ እጁን ይዘረጋል፤ የሚይዘው ሰው ሲፈልግ።»