ዘፈኑ ካለቀ በኋላ «አቤት» የምትለው

እኔን የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ከእኔ አፍ ቢሰማ ይስቃል፣ ምክንያቱም ጎባ ውስጥ ስለ ጅን፣ ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳ ሊያወራኝ የሚመጣ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ በሩን የማሳይ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ ራሷ «ይሄ ልጅ መልአክ ቢመጣበት እንኳ መታወቂያህን አሳየኝ ይለዋል» ትለኝ ነበር። የማምነው ጆሮዬን ብቻ ነው። የሰማሁትን አምናለሁ፣ ያልሰማሁትን አላምንም፣ ጣጣውም የመጣብኝ በዚሁ በጆሮዬ በኩል ነው ወዳጄ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው፣ ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆና ደረቷን የነፋችበት ጊዜ። ከገበያው ወደ ላይ ስትወጣ ሬዲዮ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ፋኖስና ሸክላ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ፣ ሸክላ ስልህ የዘፈኑን ነው፣ የድስቱን አይደለም። አዲስ ሸክላ ሲመጣልኝ እንደ ሌላው ነጋዴ ዝም ብዬ አልደረድረውም። መጀመሪያ በመስኮቱ ብርሃን አጋድሜ ፊቱን አየዋለሁ፣ ጭረትም ሆነ ያበጠ ነገር ካለ እዚያው ይታያል፣ ከዚያ መስታወት ላይ አስተኛዋለሁ፣ ከተጣመመ ጠርዙ ይነሳል። ቀጥሎ ማጫወት ነው፣ ቀዳዳው ልክ መሐሉ ላይ ካልተበሳ ዘፋኙ ጠጅ ቤት ያመሸ ይመስል ድምፁ ይወላገዳል፣ ሲታተም ሙቀት ካነሰው ደግሞ ከዘፈኑ ሥር ሽምብራ እንደሚቆላ ይንጣጣል። ከሮቤም ከገሰራም ሸክላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው «አስፋው፣ ጆሮህን አበድረን» እያሉ የሚመጡ ነበሩ፣ እኔም ምን ልዋሽህ፣ እኮራ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ያዝልኝ። የአንድ ዘፈን ሸክላዎች ሁሉ የሚጨመቁት ከአንድ ቅርጽ ነው። ጭረታቸው ይለያይ ይሆናል እንጂ ድምፃቸው አይለያይም፣ ዘፋኙ አንዱ ላይ ካሳለ ሁሉም ላይ ያስላል።

አዮ ፋጡማ፣ አዮ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፣ ከሱቄ ጀርባ የሚኖሩ፣ ቅቤ የሚነግዱ ባልቴት ነበሩ። ሰዓዳ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ሠርግ ቤት ስትዘፍን ሰው ምግቡን ትቶ የሚሰማት ልጅ ናት፣ አጎቷ ኦቦ ሐሰን «የሙስሊም ልጅ መድረክ ላይ አትወጣም» ብለው ሲቆጡ አዲስ አበባ ሄዳ ከአንድ ባንድ ጋር ገጠመች። መርቀው የሸኟት እናቷ ብቻ ነበሩ። ዓመት ቆይቶ የአውቶቡስ ሹፌር አንዲት ካርቶን አመጣልኝ፣ ሰዓዳ በራሷ ወጪ ያሳተመችው ሸክላ ነው፣ በአንዱ ፊት አማርኛ፣ በሌላው ፊት ኦሮምኛ ዘፍናለች። የታተመው ጥቂት ብቻ ነው፣ ቅርጹም ተጥሏል፣ ከእንግዲህ አይደገምም አለኝ ሹፌሩ።

የልጅዎ ሸክላ መጣ ብዬ ሳስጠራቸው አዮ ፋጡማ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ፣ አንዱን አንስተው በጣታቸው አንኳኩና ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ገበያ ላይ ድስት ሲገዙ እንደሚያደርጉት ማለት ነው።

«ደህና ነው፣ አልተሰነጠቀም» አሉኝ።

ሳቅኩ፣ ስስቅ ሲያዩኝ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በእኔ መንገድ አንድ በአንድ መረመርኳቸው፣ ሁሉም እንደ ምንጭ ውኃ የጠሩ ናቸው፣ ከአንዱ በቀር። የዚያ የአንዱ የኦሮምኛው ፊት ዘፈኑ አልቆ መርፌው ወደ መሐል በሚንሸራተትበት ባዶ ቦታ ላይ ትንሽ አብጧል፣ መርፌው በዞረ ቁጥር «ቷ፣ ቷ» ይላል። ብልሽት ብልሽት ነው ብዬ ተመልሶ እንዲቀልጥ ለብቻው አስቀመጥኩት።

ሌሎቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ተሸጠው አለቁ። የሰዓዳ ወሬ ግን ከዚያ በኋላ ጠፋ። ባንዱ ተበትኗል የሚል አለ፣ ባሕር ተሻግራለች የሚል አለ፣ ክፉ ክፉውንም የሚያወራ አልጠፋም። ወራት ሲያልፉ ኦቦ ሐሰን «ልጅቱ ሞታለች፣ ለቅሶ ተቀምጠን፣ ዱዓ አድርገን ቁርጣችንን እንወቅ» አሉ። አዮ ፋጡማ እምቢ አሉ። በስንት ሽምግልና እስከ አረፋ ድረስ ይጠበቅ ተባለ፣ አረፋ ደርሶ ካልመጣች ለቅሶው ይሆናል።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከሳነቴ ተራራ በኩል የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ቤት እንኳ አይታይም፣ ገበያተኛውም በጊዜ ገብቷል። አዮ ፋጡማ እርጥብ ሻሻቸውን እየጠመዘዙ ገቡ።

«አካም ጅርታ አስፋው፣ እስቲ ድምጿን አሰማኝ።»

«አዮ፣ አልቋል እኮ፣ የቀረው ብልሹው ብቻ ነው።»

«ብልሹም ልጅ ልጅ ነው፣ አስቀምጠው።»

አስቀመጥኩት። የኦሮምኛውን ፊት ነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ ዘፈኑ አለቀ፣ መርፌው ወደ መሐል ተንሸራተተ፣ ቷ፣ ቷ ማለት ጀመረ፣ እኔም ላነሳው እጄን ዘረጋሁ። አዮ ፋጡማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ኢንተላ ቲያ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ እናት ከቤት ሆና ጓሮ ያለች ልጇን እንደምትጠራው።

«አቤት» አለ ሸክላው።

እመነኝ፣ ጮክ ብሎ አይደለም። ሥራ ላይ ያለች ልጅ የያዘችውን አስቀምጣ፣ ፊቷን ወደ በሩ መልሳ የምትለው ዓይነት አቤት ነው፣ ትንፋሽ ሁሉ ነበረበት። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው፣ ያ ቷ ቷ የሚለው ነገር ለዚያች አፍታ ዝም ብሎ ነበር፣ ያበጠ ሸክላ ደግሞ በምንም ተአምር ዝም አይልም። አዮ ፋጡማ ዓይናቸውን ገለጡ፣ አልጮኹም፣ አላለቀሱም፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ቆዩና «አላህ ይጠብቅሽ» ብለው ተነስተው ሄዱ።

እኔ ያኔ ያልኩትን ልንገርህ፣ ስትቀረጽ አንድ ሰው ጠርቷት መልሳ ይሆናል አልኩ። ደግሜ አጫወትኩት፣ ቷ ቷ ብቻ። መርፌ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ከገዙት ሰዎች አንዱን ሸክላ ተውሼ ሰማሁ፣ ባዶ ነው፣ ከዚያ ማንም እንዳያየኝ በሩን ዘግቼ እኔው ራሴ ጠራሁ፣ ሰዓዳ አልኩ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ኢንተላ ቲያ አልኩ፣ የሚመልስልኝ የለም። ሰው ቢያየኝ አበደ ነበር የሚለኝ።

በማግስቱ አዮ ፋጡማ መጥተው ሲጠሩ «አቤት» አለች። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እንግዲህ ይመጣሉ፣ ዘፈኑን እንሰማለን፣ ሲያልቅ ይጠራሉ፣ ትመልሳለች። አንድ ቀን ከአቤቷ በፊት ባልዲ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፣ ሌላ ቀን ጎባ ላይ ፀሐይ ፍንትው ብላ ወጥታ ሳለ ከሷ በኩል ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነበር። አዮ ፋጡማ በኦሮምኛ ያወሯታል፣ በልተሻል ወይ፣ ብርድ ነው ልብስ ደርቢ፣ እንጨቱን አትሸከሚ ይከብድሻል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። እሷ ከአቤት ሌላ ቃል የላትም፣ ግን ትሰማለች፣ መስማቷ ይታወቃል፣ እንዴት እንደሚታወቅ አትጠይቀኝ። እኔም ፍርሃቴ ወጥቶልኝ ወንበር ስቤ አብሬ መቀመጥ ጀመርኩ፣ በመጨረሻ እንዲያውም ያቺን ሰዓት እናፍቃት ነበር።

ኦቦ ሐሰንን መንገድ ላይ አግኝቼ «ልጅቱ በሕይወት አለች፣ እኔ ሰምቻለሁ» አልኳቸው። ምን እንደሰማሁ አልነገርኳቸውም።

«በጆሮህ?»

«በጆሮዬ።»

«የአስፋው ጆሮ ካለ ይሁን፣ አረፋ ቢያልፍም ትንሽ እንታገሣለን» አሉ። እንዲህ ነበር የምታመነው።

አንድ ነገር ብቻ ያናድደኝ ነበር። «አዮ፣ የት እንዳለች ለምን አይጠይቋትም? ሄደን እናመጣት ነበር እኮ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ «እንግዳ ከየት መጣሽ አይባልም ልጄ፣ መጀመሪያ ያርፋል» ይሉኛል። የገዛ ልጃቸውን እንግዳ ማለታቸው ገርሞኝ እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

አረፋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሰዓዳ ከአውቶቡስ ወረደች። ከባንዱ ጋር ጅቡቲ ሄዳ ተስቦ ጥሏት ከርማ ነው፣ ከስታለች፣ ፀጉሯ ተላጭቷል፣ ግን ራሷ ናት። እልልታው ገበያው ድረስ ተሰማ፣ ለለቅሶ የታሰበው በሬ ለደስታ ታረደ፣ ኦቦ ሐሰን ራሳቸው አቅፈዋት እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከእናቷ ጋር ሱቄ ስትመጣ አላስቻለኝም።

«እኔ እኮ አውቄያለሁ፣ እናትሽ ሲጠሩሽ አቤት ስትዪ እዚሁ እንሰማሽ ነበር» አልኳት።

«አቤት?» ብላ ሳቀች። «አቤት የምለው ለአስተማሪ ነው። እማዬ ስትጠራኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ‹ዬ› ነው የምለው፣ እሷን አቤት ብያት አላውቅም።»

አዮ ፋጡማን አየኋቸው። እሳቸው ውጭ ውጭውን እያዩ ነበር።

እስኪመለሱ ጠበቅኩ። በነጋታው ብቻቸውን ብቅ አሉ፣ ሸክላውን ሳልነካ ፊታቸው ቆምኩ።

«አዮ፣ እሷ እንዳልሆነች ያውቁ ነበር?»

«ልጄን በአፏ አላውቃትም እንዴ? ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይመላለሱ ነበር?»

«እኔ ልጄን ጠራሁ፣ የሌላ ሰው ልጅ አቤት አለችኝ። ምን ልበላት አስፋው፣ አንቺን አይደለም ልበላት? የሚጠራት እናት ቢኖራት የሌላ ሰው ጥሪ ሰምታ አትመጣም ነበር። እኔ ይቺን ከጠራሁ፣ የኔንም በሰው አገር አንዷ እናት ትጠራልኛለች አልኩ። ይኸው ረቢ፣ ፈጣሪዬ፣ መለሰልኝ። ዛሬ የኔዋ መጣችልኝ ብዬ ይቺን ልተዋት?»

እኔ ለራሴ እንባ የሚቀናኝ ሰው አይደለሁም፣ ያን ቀን ግን ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ የባትሪ ድንጋይ የምቆጥር መሰልኩ። ከዚያ መርፌውን አስቀመጥኩላቸው።

ሰዓዳ ከመጣች በኋላም አልተዉም፣ ልጃቸው ገበያ ስትወጣ ጠብቀው ይመጡ ነበር፣ ሰዓዳ እስከ ዛሬም የምታውቅ አይመስለኝም። እንዲህ ሆነን አንድ ዓመት አለፈ፣ በሚቀጥለው ክረምት ብርድ መታቸውና ብዙም ሳይተኙ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፣ ለቅሶም ተቀምጫለሁ፣ ሰዓዳን ያጽናናሁት እኔ ነኝ። ለቅሶው ሲበተን ወደ ሱቄ ተመለስኩ፣ ገና አልጨለመም ነበር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም ያንን ሸክላ አወጣሁና አጫወትኩት። ምናልባት የሰዓዳን ዘፈን ብቻ ልሰማ ይሆናል።

ዘፈኑ አለቀ፣ መርፌው ወደ መሐል ገባ፣ ቷ፣ ቷ አለ፣ እኔ ተቀምጫለሁ፣ የጠራ ሰው የለም። ቷ ቷው ዝም አለ።

«እማዬ?» አለች።

ከአቤት ሌላ ቃል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፣ ያ የምታውቀው የመጠበቅ ጸጥታ። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ የወንድ ድምፅ ሰምታ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። መርዶ አላውቅም እንዳትለኝ ወዳጄ፣ በዚያ ከተማ ስንት ሰው አርድቻለሁ፣ ወጉም አይጠፋኝም፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ ከደጃፍ ተቆሞ ስም ይጠራል። የሷን ስም ግን አላውቅም፣ ደጃፏም የት እንደሆነ አላውቅም፣ ደግሞስ የሌላ ሰው እናት ሞተችብሽ ተብሎ እንዴት መርዶ ይነገራል?

መርፌውን ቀስ አድርጌ አነሳሁ። ሸክላውን ለማቅለጫ አልመለስኩትም፣ አልሰበርኩትም፣ ደግሜም አላጫወትኩትም፣ ከቤት ቤት ስቀይር በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው ዞሬያለሁ። እኔም አሁን አርጅቻለሁ፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ አልተነገራትም።