በትዳር ምክንያት

አጥኚው ወጣቷን የሕፃናት ክፍል ሐኪም ያገኛት አንሶላ በሚከመርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በተቀመጠችበት እንቅልፍ ጥሏት ነው።

«ይቅርታ ዶክተር፤ ሐኪሞች ሥራ ለምን እንደሚለቁ እያጠናሁ ነበር።»

አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ይኸው አዩት አይደል? ይጻፉት።»

እሱ ግን አልጻፈም። መብራቱን አጥፍቶ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋላት። እንዲህ የሚያስብላት ሰው ካየች ቆይታ ነበርና ነገሩ ከልቧ ገባ።

ለስሙማ የተረኛ ሐኪም ማረፊያ ሌላ ክፍል ነበር፤ እዚያ ግን የዳይሬክተሩ አዳዲስ ወንበሮች ተደርድረውበታል! ወንበሮቹ ያርፋሉ፣ የሰው ልጅ በቁሟ ታልቃለች።

በኋላ ሁሉንም ነገረችው። ሊያስተምራት የተመደበው ስፔሻሊስት ስልክ አያነሳም። አንድ ሌሊት አንድ ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው ብቻዋን ታግላ አተረፈችው። ጠዋት ስፔሻሊስቱ መጣና፣ እናቶች ፊት «ማን ነው አንቺን ሐኪም ያለሽ?» አላት። ለፍቶ ለዚህ ያደረሳት ወላጅ ያን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

አጥኚው መመላለስ አበዛ። ነርሶቹ «አቶ ለምን» አሉት። ጥያቄው አልቆም ይመጣል፤ ሻይ ይዞ ይመጣል፤ ዝም ብሎ ያያታል። እሷም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ታየዋለች። አንቱታው መቼ እንደቀረ ሁለቱም አላወቁትም።

አንድ ቀን ከሌላ ከተማ ሆስፒታል የሥራ ጥሪ መጣላት፤ እዚያ አስተማሪው ከተማሪው ጎን ቆሞ ነው የሚሠራው።

«ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችው።

አንገቱን ደፋ። «ለጥናቱ ቃሏን የሰጠችን ሰው ሂጂ፣ ቅሪ ማለት አይፈቀድልኝም።»

«እኔ አጥኚውን ነው እንዴ የጠየቅኩት?» ጥላው ሄደች።

በማግስቱ እየሮጠ መጣ። «ቃልሽን ከጥናቱ አወጣሁት! አሁን እንደ ሰው መናገር እችላለሁ።»

የምትደሰት መስሎት ነበር፤ የዋህ!

«ምን አደረግክ? ያ ሕፃን፣ ያ ያልተነሳ ስልክ፣ ለአንተ ፍቅር ሲባል ተድበስብሶ ይቅር? አንተም እንደነሱ አፌን ትዘጋለህ?»

አፈረ። አንዲት የጥናት ባልደረባውን ለምኖ አመጣ፤ ሴትየዋ እንደ አዲስ ጠየቀቻት። ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ተናገረች። ስትወጣ እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«በል አሁን ተናገር።»

«ሂጂ።»

«እንድቀር አትፈልግም?»

«እንዴት አልፈልግም? ስለምወድሽ እኮ ነው። እዚህ ዓይኔ እያየ እያለቅሽ ነው። እኔ እንደሆነ አውቶቡስ አላጣም፤ እመጣለሁ።»

ከዚያ መልቀቂያዋን አስገባች።

በስንብቱ ቀን ዳይሬክተሩ ሳቅ እያሉ ተነሡ። «የዛሬ ልጆች ምን ይደረጋሉ! ባል ሲገኝ ሥራ ይረሳል። ዶክተራችን የለቀቁት በትዳር ምክንያት ነው ብለን ይዘነዋል።»

ስፔሻሊስቱ አጨበጨበ። እሷ ብድግ አለች።

«የለም ጌታዬ! የለቀቅኩት የሚያስተምረኝ አጥቼ ነው። ስደውል የሚያነሳልኝ አጥቼ ነው። እሱንማ እዚህም ሆኜ አገባው ነበር!»

በሩ ላይ የቆመው አጥኚ ስለ ጋብቻው የሰማው ገና ያን ጊዜ ነው።

«ምን ይገትርሃል፣ መልስ ስጣት እንጂ!» አለችው አንዲት ነርስ፣ ጎኑን ጎሸም አድርጋ።

«እሺ!» አለ፣ ዳይሬክተሩ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ።