ሦስት እንቁላል በቄጠማው መሃል

ቀኑን ሙሉ በሽተኞችን «አይንቀሳቀሱ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» እያለች የምትውለው የራጅ ባለሙያ፣ እሷ ራሷ ለአምስት ደቂቃ አርፋ መቀመጥ አይሆንላትም ነበር። እናቷ «ቁንጫዬ» የሚሏት ለዚህ ነው። አባቷ ከሞቱ ወዲህማ ባሰባት። ከሥራ ስትመለስ የቤቱ ጸጥታ ያስጨንቃታል፤ ወንበር ታዛውራለች፣ የታጠበ ዕቃ መልሳ ታጥባለች፣ የከፈተችውን መስኮት ትዘጋለች።

በጋው ሲገባ፣ ከከተማው ዳር ባለው የሐይቅ ጥብቅ ሥፍራ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ወፍ የመመልከትና ፎቶ የማንሳት ጉዞ እንዳለ ከሆስፒታሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አነበበች። ያገለገለ ካሜራ ገዝታ ተመዘገበች። እናቷ ነገሩ አልገባቸውም፤ ወፍ በመስኮትም ይታያል አሏት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ዐሥር ሰው መጣ። የሚመራቸው የሥፍራው ወፍ ቆጣሪ ነበር፤ ቀጠን ያለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ወጣት። እሷ ከሁሉም ቀድማ ስለምትራመድ ከፊቷ ያለው ወፍ ሁሉ ብር እያለ ይጠፋል። ሦስተኛው መንጋ ሲነሳ ወፍ ቆጣሪው አጠገቧ መጣ።

«እህቴ፣ ሲበሩማ አየናቸው» አላት በለሆሳስ። «እስቲ ደግሞ ተቀምጠው እንያቸው።»

አፈረች፤ ሳቋም መጣ። ሲጨርሱ ያነሳችውን እንድታሳየው ጠየቃት። አርባ ፎቶ፣ አርባ ጅራት።

«ጥሩ የጅራት ስብስብ ነው» አለ ፈገግ እንኳ ሳይል። የዓይኑ ጥግ ግን ይስቅ ነበር፤ አየችው።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱ አልገፋ አላት። ዓርብ ማታ ካሜራዋን ሦስት ጊዜ ትወለውላለች። ቅዳሜ እሱ ሰዎቹን እያሳለፈ፣ እሷ እርምጃዋን እየቀነሰች፣ ሁለቱ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ። ስለ ራጅ ሥራዋ ይጠይቃታል። ሰው ከውስጥ ሲታይ ያው አንድ አይደለም ወይ ቢላት፣ አጥንቱስ አንድ ነው፣ ስብራቱ ነው የሚለያየው አለችው። መልስ ሳይሰጥ ብዙ ተራመደ። ዝምታው አላስጨነቃትም፤ ይህም ገረማት።

በስድስተኛው ቅዳሜ፣ ሌሎቹ ሲሄዱ እንድትቆይ ነገራት። አንድ የወላለቀ የእንጨት ድልድይ አልፈው በሐይቁ ዳር ያለው ቄጠማ ውስጥ ገቡ። አንዲት ግንባሯ ቀይ የሆነ የውሃ ወፍ ጎጆዋ ላይ ተኝታለች። ትንሽ ቆይታ ስትነሳ ሦስት እንቁላል ታየ። የእሷ ዓይነት ወፍ በዚያ ሐይቅ ለመጨረሻ ጊዜ ጎጆ ከሠራች ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎ ነበር።

«ከሥፍራው ሥራ አስኪያጅ ሌላ የሚያውቅ የለም» አላት በጆሮዋ። «አሁን አንቺ አወቅሽ።»

አንድ ፎቶ ብቻ አነሳች። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ ትከሻዋ ትከሻውን ነክቶ፣ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች።

ያን ማታ ግን ደስታውን ሆዷ አልችል አለ። ቦታውን ካልተናገርኩ ምን አለበት ብላ፣ ተጓዦቹ ፎቶ በሚለዋወጡበት የስልክ ቡድን ላይ ፎቶውን ላከችው። ከጎጆው ጀርባ የድልድዩ ስባሪ እንደሚታይ ልብ አላለችም። ፎቶው ማን እንዳነሳው እንኳ ሳይታወቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ማክሰኞ የማይታወቁ ሰዎች ካሜራ አንግበው መጡ። ሐሙስ አንዱ ቀረብ ብዬ ላንሳ ብሎ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ወፏ በረረች፤ አልተመለሰችም። እንቁላሎቹ ቀዘቀዙ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጉዞውን የመራው ሌላ ሰው ነው። እሱ የት ሄደ ብላ ስትጠይቅ፣ በር ጠባቂው አዛውንት ነገሯት። ምስጢሩን ያወጣው እሱ ነው ተብሎ ከሥራ ታግዷል። ማንን ይዘህ ገባህ ሲሉት አፉን አልከፈተም።

ወዲያው የሥፍራው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባች። ፎቶውን ያነሳሁትም የላክሁትም እኔ ነኝ አለች፤ የተናገረችውንም ጽፋ ፈረመች።

ለወፍ ቆጣሪው ደወለች፤ አያነሳም። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ሥራ ቦታ ኮሪደሩን ስትመላለስበት ትውላለች፤ ቤት እህል አይወርድላትም። እናቷ አንድ ቀን እጇን ይዘው አስቀመጧት።

«የወንድ ነገር ነው?»

«የጥፋት ነገር ነው እማዬ። የእኔ ጥፋት።»

«እንግዲያስ ይቅርታ በስልክ አይለመንም። ይሄን እግርሽን ለቁም ነገር ተጠቀሚበት።»

ወፍ ቆጣሪው የሚኖረው ከአንድ የጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል መሆኑን ከበር ጠባቂው ጠይቃ ሄደች። በሩን ሲከፍት ፊቱ ላይ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ግን ድካም ነው። ልግባ አላለችም፣ ግቢም አላላትም። በጥፋቷ ላይ ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ ነገረችው።

«ሥራዬን መልሰውልኛል፤ እንደጻፍሽም ሰምቻለሁ። ስሜን ስላጠራሽልኝ አመሰግናለሁ» አለ። «ይቅር ለማለት ግን ገና አልደረስኩም። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

«እስክትደርስ እጠብቃለሁ።»

«አንቺ? መጠበቅ?»

ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ዋጥ አደረገውና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ፣ የቀሩት ጎጆዎች እንዳይረበሹ መንገዱን ልጠብቅ ብላ ሥራ አስኪያጇን ለመነቻት። ከዚያ ጀምሮ በየማለዳው ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን፣ ወደ ቄጠማው በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ ጎብኚዎችን በትሕትና ትመልስ ጀመር። ካሜራዋን ቤት ትታዋለች። የሚያላግጥባት አለ፣ የሚሰድባትም አለ። ወፍ ቆጣሪው ሰዎቹን እየመራ ሲያልፍ በመጀመሪያው ሳምንት አንገቱን ብቻ ነቀነቀላት። በሦስተኛው እንደምን አደርሽ አላት። በአምስተኛው ዝናብ ሲጥል ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎላት ሄደ። ያን ቀን ቤት ስትገባ እናቷ ጃኬቱን አዩ፤ ተቀብለው እንዲደርቅ አሰጡት።

የበጋው የመጨረሻ ጉዞ ካበቃ በኋላ ወፍ ቆጣሪው መጥቶ፣ መንገዱ ዳር አረፍ ያለችበት ድንጋይ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ነገ ሥራ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እናቴ ዘንድ ልወስድሽ አስቤ ነበር። ስላንቺ ነግሬያታለሁ።»

«ምኑን?» አለች። «ጥፋቴንም?»

«እሱን ነው አስቀድሜ የነገርኳት። ሰምታ ሰምታ፣ ‹አምጣትና ልያት› አለችኝ።» አንድ ጠጠር አንስቶ በእጁ አገላበጠ። «ይቅር ለማለት ደርሻለሁ እኮ። ከደረስኩ ሰነበትኩ። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ነው የቸገረኝ።»

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ልውረድ፣ ሌላ ቀን ይሁን አለችው። እጇን ያዘ። ከተዋወቁ ጀምሮ እጇን ሲይዛት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሲወርዱም አልለቀቀም፣ ዳገቱን ሲወጡም አልለቀቀችም። የእናቱን በር ያንኳኳው በግራ እጁ ነበር።